የተሰፋው ምዕራፍ

ሰው መወፈሩን ከራሱ ቀድሞ የሚያውቀው ሱሪው ነው። የእኔ ሱሪ ካወቀ ሰንብቶ ስለነበር፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወጥቼ ወገቡን ላሰፋ ወደ ጋሽ ሜትር ሱቅ አዘገምኩ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጽፈው ብቀር ሕሊናዬ ዕረፍት አይሰጠኝም፤ ከጥፋቱ እኔም ድርሻ አለኝና።

ጋሽ ሜትር የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከአንገታቸው ከማይወርደው ሜትር ብቻ አይደለም፤ ሰውን ሁሉ በዓይናቸው እየለኩ «እገሌ ጠባብ ነው፣ እገሌ ልል ነው» ማለት ስለሚወዱ ጭምር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤታችንን የደንብ ልብስ የሰፉት እሳቸው ስለሆኑ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሲመረጡ አንድም የተቃወመ አልነበረም። ቅን ሰው ናቸው። ቅን ሰው ሲሳሳት ግን ስሕተቱንም ከልቡ ነው የሚሠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ለስምንተኛ ክፍል አዲስ የሳይንስ መጽሐፍ መጣ። ምዕራፍ ሰባቱ ስለ ጉርምስና፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፉ በሽታዎች ይናገራል። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ አገር ይያዝልን አለ። አንዱ ይቀደድ፣ ሌላው ይቃጠል ሲል፣ ርእሰ መምህሩ መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት ነው፣ የቀደደ ይጠየቃል ብሎ አስጠነቀቀ። ያን ጊዜ ጋሽ ሜትር ተነሥተው «መቅደድ ለምን አስፈለገ? ይሰፋ!» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ስድሳ ሁለቱን መጻሕፍት በሁለት ጆንያ ተሸክሜ ወደ ሱቃቸው ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሸራ በሚሰፋ ወፍራም መርፌ ምዕራፍ ሰባትን ከላይ እስከ ታች ጠርዝ ጠርዙን ዘጉት። እኔ፣ ዲግሪ የያዝኩ፣ መጽሐፍ እንዲነበብ ደመወዝ የሚቆረጥልኝ ሰው፣ ገጹን እያስተካከልኩ አቀብላቸው ነበር። አለመስማማቴን በሆዴ ይዤ መመለሴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ በምላጭ፣ በጥፍር መቁረጫ፣ አንዳንዱም በጥርሱ ተረተሩት። ከዚያ በፊት ምዕራፍ ሰባትን የሚነካ አልነበረም፤ ከተሰፋ ወዲህ ግን በየመጽሐፉ በጣት እድፍ የጠቆረ እሱ ምዕራፍ ብቻ ሆነ። ክሩ ሲተረተር ጠርዙ አብሮ ስለተቀደደ ሥዕሉ ቀርቶላቸው ማብራሪያው ጎደለ። ባለፈው ወር መጻሕፍቱን ስፈትሽ ከስድሳ ሁለቱ አንዱን ብቻ ከነስፌቱ አገኘሁት። የማን ጨዋ ልጅ ይሆን ብዬ ተገርሜ አለፍኩ።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ጋሽ ሜትር ሱሪዬን አስወልቀው፣ አንሶላ አልብሰው፣ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ አስቀመጡኝ። እሳቸው የሱሪዬን ወገብ መተርተር ሲጀምሩ የትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ያለው ጤና ጣቢያ ነርስ ገባች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። የነጭ ጋዋኗ ኪስ ተቀዶ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ይችን ኪስ ቶሎ ቢይዙልኝ ብዬ ነው።»

«ሲስተር፣ ኪስሽን እኔ እሰፋልሻለሁ። አፍሽን ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይሰፋልሻል» አሉና በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ።

ቀልዱ መሠረት ነበረው። ከትምህርት ቢሮ አዲስ መመሪያ መጥቷል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሴቱም ወንዱም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ አካላቸውና ስለ ጤናቸው ይማሩ፣ ወላጆች ከተስማሙ ይጀመር ይላል። የምታስተምረው እሷ ናት። ስብሰባው ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሰብሳቢው እምቢ ካሉ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ነርሷም ሳቀች። «የኔን አፍ መርፌዎ የሚችለው አይመስለኝም፣ ጋሼ። ምዕራፍ ሰባትንም አልቻለው።»

«ተረተሩት አይደል?» አሉ ወደ መጋረጃው ዞረው።

እኔም አንገቴን ብቻ አውጥቼ «አንድ ሲቀር ሁሉንም» አልኩ።

«አየሽ! ነገሩን ገና ሲሰሙት እንዲህ ካደረጋቸው፣ በጠመኔ ተጽፎ ሲያዩትማ ምን ሊሆኑ ነው? ያልሰሙት ነገር አያምራቸውም። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ተምረሻል፤ ግን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። እኛ ማንም ሳያስተምረን አድገን፣ ወልደን፣ ለወግ በቅተናል።»

«ማንም ሳያስተምራችሁ ያልሆናችሁት ግን ስንት ነው?» አለች በርጩማውን ስባ እየተቀመጠች። «አይቆጡኝና ጋሼ፣ ልጆቹ ሰምተዋል። የሰሙት ግን ከስልክና ከታላላቆቻቸው ነው፤ ግማሹ ውሸት፣ ግማሹ ነውር ነው። ጤና ጣቢያ መጥተው የሚነግሩኝን ቢሰሙ ጆሮዎን ይይዛሉ። ‹ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አይረገዝም› ይላሉ። ‹በሽታ ያለበት ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል› ይላሉ። አምና ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠችው፣ የደላላው ልጅ፣ ያንን የመጀመሪያውን አባባል እውነት ብላ ነው ያረገዘችው። ዘንድሮ እርስዎ ዘንድ የደንብ ልብስ አሰፋች?»

ጋሽ ሜትር መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አላሰፋችም» አሉ ቀስ ብለው። «አምና ወገቧን ስለካት ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር። ፈርታ ነበር ለካ።»

ይህ አንድ ነጥብ ነበር። ሽማግሌው ግን በአንድ ነጥብ የሚረቱ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን ገፍተው እንደገና ተነሡ።

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ነገርን አስቀድሞ መንገር ማፋጠን ነው። ሕፃኑን ስለዚህ ጉዳይ ካወራሽው ቶሎ ወደዚያው ትሰጅዋለሽ።»

ነርሷ ከመደርደሪያው ላይ ገና ያልተወሰደ የተማሪ ቀሚስ አንሥታ ጠርዙን ገለበጠች። «ይኼን ለሰባተኛ ክፍል ነው የሰፉት? ከታች ስንት ጣት አጥፈውበታል?»

«አራት ጣት።»

«ለምን? ልክ በቁመቷ አይቆርጡትም?»

«ታድጋለቻ! ዓመቱ ሳያልቅ ቀሚሱ ጉልበቷን አልፎ ይሄዳል። አንድ እውር ሰፊ እንኳ ይህን አይስትም።»

«ታዲያ አራት ጣት ስላጠፉላት ቶሎ አደገች?»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሳላስበው «እሰይ!» አልኩ። ጋሽ ሜትር «አንተ የመጽሐፍ ዘበኛ፣ ሱሪህ እኔ ዘንድ መሆኑን አትርሳ» ብለው ገሠጹኝ። ነርሷ ግን አላቋረጠችም።

«እርስዎ ጨርቁን ያጠፉት ማደጓ እንደማይቀር ስላወቁ ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። የጤና ባለሙያዎች ብዙ ቦታ አጥንተውታል፤ በወጉ የተማሩ ልጆች ወደ ነገሩ አይቸኩሉም። እንዲያውም ይዘገያሉ፣ ሲደርሱም ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ሌላም ልንገርዎት። የገላዋን ስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ፣ አንድ ባለጌ ቢነካት ምን ብላ ትናገራለች? ‹እዚህ ጋ ነካኝ› ለማለት ቃል ያስፈልጋል። ‹እምቢ› ለማለትም እምቢ ማለት እንደሚቻል ማወቅ ያስፈልጋል። ወንዱም ቢሆን እምቢ ሲባል መቆም እንዳለበት ማን ነገረው?»

«ሐፍረትስ? ሐፍረት የሌለው ልጅ ልታሳድጉልን ነው?»

«ጨዋነት ይኑራቸው፣ እኔም እፈልጋለሁ። አለማወቅን ግን ጨዋነት አንበለው። የማስተምረውን ወረቀት እናንተ ወላጆች ቀድማችሁ ታነቡታላችሁ፤ መመሪያውም የሚለው ይህንን ነው። ለሰባተኛው የሰባተኛው፣ ለአሥረኛው የአሥረኛው ነው የሚነገረው። ከጀርባችሁ የሚሠራ ነገር የለም።»

ጋሽ ሜትር መቀሳቸውን መልሰው አነሡ። የተረቱ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሰው ክርክሩ ሲያልቅበት ወደ ቤቱ ይሸሻል።

«ለሌላው ሰው ልጅ ያስፈልግ ይሆናል» አሉ። «በእኔ ቤት ግን አያስፈልግም። የልጄን ልጅ ሚጣን ታውቂያት የለም? እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ጀምሮ አሳድጌያታለሁ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀና ብላ ሰው አታይም። እንዲህ ያለ ነገር በአእምሮዋ አልፎም አያውቅ። እሷን የመሰለች ልጅ ምን ልታስተምሪያት ነው?»

ነርሷ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ በፊት አንድም ጥያቄ አላለፋትም ነበርና ዝምታው እኔንም ገረመኝ።

ጋሽ ሜትር አላስተዋሉም። ለጋዋኑ ኪስ ከውስጥ የሚደረብ ነጭ ጨርቅ ፍለጋ የቁርጥራጭ ቅርጫታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ቀዩን ወረወሩ፣ ሰማያዊውን ወረወሩ፣ በመጨረሻ በብስጭት ቅርጫቱን ዘቀዘቁት። «እንዲህ ነው እንግዲህ! ስንት ወር ሆነኝ፣ ነጩን ብቻ እየመረጠ የሚወስድ አይጥ ገብቶብኛል።»

«ጋሼ፣ ቀለም የሚለይ አይጥ ነዋ!» ብዬ ሳቅሁ።

ነርሷ አልሳቀችም። ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ጋሽ ሜትር ይህን ጊዜ አይተዋታል። ሰውን ሲለኩ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ የልኬት ደብተራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡ፤ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«በዓመቱ መጀመሪያ የሚጣ ወገብ ስድሳ አራት» አሉ ለራሳቸው። «ባለፈው ሳምንት ቀሚሴ ሰፋኝ ብላ ለካኋት፤ ስድሳ። የፈተና ሐሳብ ነው ብዬ አጠበብኩላት። የምታድግ ልጅ ወገቧ አራት ሴንቲ ይቀንሳል? ፊቷም ገርጥቷል። ዛሬም ራሴን አመመኝ ብላ ትምህርት ቤት አልሄደችም።» ደብተሩን ዘጉት። «ሲስተር፣ ልጄ አንቺ ዘንድ መጥታ ነበር?»

«ጋሼ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም ቢሆን። ያለዚያ ነገ የሚመጣ ልጅ አይኖርም።»

«ብቻ ልትሞት ነው እንዳትይኝ።»

«ሄደው ይጠይቋት። ሰብሳቢነትዎን እዚህ አስቀምጠው ይጠይቋት።»

አርባ ዓመት ስለ ሰው ሁሉ ሐሳብ ያልጠፋባቸው ሰው «ምን ብዬ?» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ።

«‹አመመሽ ወይ?› ይበሏት። ከዚያ የምትለውን ይስሙ። እስክትጨርስ አይናገሩ። እኔ ውጭ ነኝ።»

መኖሪያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ በመሃል አንዲት በር ብቻ አለች። ነርሷ ወጣች። እኔም መውጣት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሱሪዬ ሁለት ቦታ ተተርትሮ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ በአንሶላ መንገድ ላይ መውጣትም አልቻልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ኩርምት ብዬ ቀረሁ። ሚጣ የሰማሁትን እንድጽፍ ኋላ ላይ ራሷ ፈቅዳልኛለች።

ጠሯት። በነጠላ ጫማ እየተጎተተች ስትመጣ ሰማኋት።

«ሚጣ፣ አመመሽ ወይ?»

«አላመመኝም፣ አባባ።»

«አልቆጣም። አመመሽ ወይ?»

ይህን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። «ጨርቁን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። ነጩን። ደም ነው። በየወሩ ይመጣል፤ አሁን ግን አሥር ቀን ሆነው፣ አልቆም አለኝ። ጨርቁን አጥቤ እንዳያዩብኝ አልጋው ሥር አሰጣዋለሁ፣ ሳይደርቅ መልሼ እወስደዋለሁ። አሁን ደግሞ ገላዬ ቆስሏል። ስነሣ ዓይኔ ይጨልምብኛል። የምሞት መስሎኝ ዛሬ ጠዋት ተደብቄ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።»

«ከጀመረሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ስምንት ወር! ለምን አልጠየቅሽም?»

«ማንን?» አለች።

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች አንዲት ቃል ልቤን የወጋኝ የለም። ልጅቱ ቀጠለች። «ክፍል ውስጥ አንዷ ‹እንዲህ የሚበዛው ከወንድ ጋር ለሄደች ነው› አለች። እኔ ከማንም ጋር አልሄድኩም፣ አባባ፣ እውነቴን ነው። እንዲህ ናት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። መጽሐፉ ላይ ተጽፏል ይላሉ፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ።»

«ታዲያ ልጆቹ ሁሉ ተርትረውት የለም ወይ? አንቺስ ለምን አላነበብሽውም?»

«እነሱ ተርትረዋል። እኔ ግን ስፌቱ የእርስዎ ነው። የእርስዎን ስፌት እንዴት ብዬ እተረትራለሁ?»

ከነስፌቱ የቀረው መጽሐፍ የማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ስድሳ አንዱ አልታዘዝ ያሉት ልጆች እንደምንም ግማሽ እውነት አገኙ፤ አንዷ ታዛዥ ግን በታዛዥነቷ ስምንት ወር ሙሉ ሞቴን እጠብቃለሁ ብላ ኖረች። የምንቀጣው ክፉውን መስሎን የቀጣነው ደጉን ነበር።

«አምጪው» አሉ ጋሽ ሜትር።

መጽሐፉን አመጣች። ምላጫቸው ክሩን ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርግ ይሰማኛል፤ በየመሃሉ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። አንድም ገጽ ሳይቀደድ ከፈቱት። «በይ አንብቢልኝ፤ መነጽሬ ደፈረሰብኝ» አሏት። መነጽራቸው ምንም አልሆነም ነበር። ልጅቱ አፍንጫዋን እየጠረገች ማንበብ ጀመረች፦ «የወር አበባ በሽታ አይደለም። የጤናማ እድገት ምልክት ነው። ከሳምንት በላይ ከቆየ ወይም እጅግ ከበዛ ግን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።» እሳቸውም «መልሰሽ አንብቢው» አሉ። ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው።

ከዚያ ነርሷን ጠሯት። የደም ማነሱ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ ቁስሉም እንደሚድን፣ የደሙ መብዛትም ሐኪም አይቶት መላ እንደሚያገኝ በልጅቷ ፊት፣ በልጅቷ ፈቃድ አስረዳቻቸው። ለጋዋኑ ኪስ ጊዜ አልነበረም፤ ለሱሪዬም እንደዚያው። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዘውልኝ ሁላችንም ወደ ስብሰባው ሄድን።

አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት በተማሪ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ከሁሉ የጮኸው እንጨት ነጋዴው ነው። ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ የሚጮኸውም ስለሚወዳቸው ነው። «ትምህርት ቤት የላክናቸው ፊደል ሊቆጥሩ እንጂ ሊባልጉ አይደለም!» አለ። «ሰብሳቢያችን አንድ ጊዜ ሰፍተው ገላግለውናል፤ ዛሬም እንደዚያው ይዝጉልን።»

ጋሽ ሜትር ተነሡ። ሜትሩ ከአንገታቸው ላይ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ሳልማር ጠመጠምኩ» አሉ። «ያንን ምዕራፍ የሰፋሁት ልጆቻችንን ስለምወድ ነው። አላዋቂ ሳሚ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ጨዋ ናት። እኛ አትንኪ ያልናትን አልነካችም። ስለዚህ በገዛ ገላዋ ላይ የደረሰውን ሳታውቅ፣ በቆሻሻ ጨርቅ እየቆሰለች፣ ስምንት ወር ሙሉ እሞታለሁ ብላ ብቻዋን ፈራች።»

«የማን ልጅ ናት?» አለ እንጨት ነጋዴው።

«የኔም፣ ያንተም ልትሆን ትችላለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ማታ ቤትህ ስትገባ ሦስቱን አስቀምጠህ ‹አመመሽ ወይ?› ብለህ ጠይቅ። የምትሰማው ነገር ከሌለ ነገ መጥተህ ስደበኝ።»

«እሺ፣ ይማሩ እንበል» አለ ሰውዬው ትንሽ ለዘብ ብሎ። «ወንዶቹ ለምን አብረው ይማራሉ? እነሱን ምን አገባቸው?»

«እኔን ምን አገባኝ ብዬ አይደል እዚህ የደረስኩት!» አሉ ሽማግሌው፤ ይህን ሲሉ ብቻ ድምፃቸው ከፍ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኛ ደግሞ በሽታ ያልሆነውን ደብቀን በሽታ አደረግነው። ይህች ነርስ የምታስተምረውን ወረቀት ዛሬ ሁላችንም እናንብብ። የማይገባንን እንጠይቃት። ከዚያ ትጀምር። እኔም በአዲስ ንጹሕ ጥጥ እየታጠበ የሚያገለግል የወር አበባ መያዣ እሰፋለሁ፤ አርባ ዓመት የላይ የላዩን ብቻ ሰፋሁ፣ አሁን ለሚያስፈልጋቸው ልስፋ። ውሃውን ርእሰ መምህሩ ያስገባል።» ዞር ብለው እንጨት ነጋዴውን ተመለከቱት። «የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ደግሞ በር የለውም። በወር አራት ቀን ልጆቻችን ቤት የሚቀሩት ለዚህ ነው። አንተ ዘንድ እንጨት አለ።»

እንጨት ነጋዴው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ጣሪያውን አየ። ወረቀቱ እየዞረ ሲነበብ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ነርሷም ሳትሸማቀቅና ሳታሸማቅቅ መለሰችለት። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ «በሩ ስንት በስንት ነው?» አለ። በእኔ ግምት ክርክሩ ያለቀው በዚያች ጥያቄ ነው። እጅ ሲወጣ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ደገፉ።

ትምህርቱ ከተጀመረ ዓመት አልፎታል። የፈራነው ልቅነት አልመጣም። የመጣውን ግን እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሆኜ አየዋለሁ። በወር አራትና አምስት ቀን ይቀሩ የነበሩ ሴት ልጆች አይቀሩም። አንዲት ልጅ ቀሚሷ ቢነካካ ወንዶቹ መሳቂያ አያደርጓትም፤ ባለፈው አንዱ ሹራቡን አውልቆ ወገብሽ ላይ እሰሪው ብሎ ሲሰጣት አይቻለሁ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ የጎረቤት ሰው ያደረገባትን ለመምህሯ በግልጽ ቃል ተናግራ ሰውዬው በሕግ ተይዟል፤ ያንን ቃል ያስተማርናት እኛ ነን። ምዕራፍ ሰባትም እንደ ማንኛውም ምዕራፍ ሆኗል፦ ይነበባል፣ ይፈተኑበታል፣ ይሰለቻቸዋልም። ሚጣ ታክማ ድናለች። እናንተም አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ ያልጠየቀችው ስለማያሳስባት እንዳይመስላችሁ፤ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ይሆናል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ነው። ወላጆች እንዲገኙ ተጋብዘው ነበርና ጋሽ ሜትር በኋለኛው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እንጨት ነጋዴውም አጠገባቸው ነበር። ነርሷ አስተምራ ስትጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለች። ልጆቹ ሁሉ ዴስካቸውን ነው የሚያዩት፤ መጀመሪያ የጠየቀ ጉድ ይፈላበታል ብለው ፈርተዋል። ያን ጊዜ ጋሽ ሜትር እንደ ተማሪ ጣታቸውን አወጡ፤ ሲፈቀድላቸውም ብድግ አሉ።

«እኔ የምጠይቀው፣ ሴት ልጅ በዚህ ጊዜ ሲያማት እቤት ውስጥ ያለ ወንድ ምን ቢያደርግላት ይሻላል?»

የሳቀ የለም። ነርሷ ለመመለስ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች። «ይህን ጥያቄ ወንድ ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። «እስቲ ከሴቶቹ አንዷ ትመልስላቸው።»

ከሦስተኛው ረድፍ ሚጣ ተነሣች። ቀና ብላ አያቷን አየቻቸው።

«አንደኛ፣ አይቆጣ» አለች። «ሁለተኛ፣ የሞቀ ውሃ ይስጣት። ሦስተኛ፣ ጨርቋን ፀሐይ ላይ ብታሰጣው እንዳላየ ይለፍ። አራተኛ…»

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሜትር ከአጠገባቸው ልጅ እርሳስ እየተቀበሉ፤ «እየጻፍኩ ነው።»